ሰውነት የባዕድ ሥጋን ስለ ማስታወሱ

ሰውነት ከሌላ ሰው የተቀበለውን ሥጋ እንደማይረሳ የታወቀው በልብ ሳይሆን በቆዳ ነው። ቶማስ ጊብሰንና ፒተር መዳዋር በ1943 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ጽፈው እንደ ገለጡት፥ በግላስጎው ከተማ እሳት ላቃጠላት ሴት የወንድሟ ቆዳ ሁለት ጊዜ ተለጥፎላት ነበር፤ ሁለተኛው ከፊተኛው ይልቅ ፈጥኖ ጠፋ።

ይህን የምናነሣው ልባቸው ጐድሎ ለተወለዱ ሕፃናት ወላጆች ብለን ነው። ሐኪሞች እንዲህ ያለውን ልብ ሲያበጁ፥ አንዳንድ ጊዜ ከሞተ ሰው ተወስዶ በብርድ የተጠበቀ የደም ሥር ወይም ቫልቭ የሚባለውን የልብ መዝጊያ ይሰፉበታል። ሕይወት የሚያድን ሥራ ነውና አንነቅፈውም። ነገር ግን የልጁ ደም በዚያ ባዕድ ሥጋ ላይ አንቲቦዲ የሚሉትን መከላከያ ያበጃል፤ ከዓመታት በኋላ ሌላ ልብ ሊተካለት ግድ ቢሆን፥ ያው መከላከያ አዲሱን ልብ እንደ ጠላት ሊወጋው ይችላል። ደም መቀበልና እርግዝናም እንዲሁ ያለውን መከላከያ ያስነሣሉ። ስለዚህ ሐኪሞች አስቀድመው ደሙን መርምረው የማይስማማውን ልብ ይለያሉ፤ የሚስማማው እስኪገኝም መጠበቁ ይረዝማል።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፥ በልጃችሁ ደረት የተሰፋው ከሰው፥ ከእንስሳ ወይስ ከራሱ ገላ እንደ ሆነ ጠይቃችሁ፥ ጽሕፈቱን ከክርስትና ወረቀቱ ጋር አኑሩት።