ማርሚታው ይበየድ፤ ሞተሩና ሰፈሩ ግን አይቃጠል



በዚህ ሰሌዳ ላይ ዘወትር የምንለጥፈው የመዋጮ፣ የጽዳትና የስብሰባ ጉዳይ ነው። ዛሬ ግን ስለ ማርሚታ ብየዳ ልንጽፍ ተገደናል። ይህ የጋራዥ ጉዳይ እንጂ የሰፈር ጉዳይ አይደለም የሚል ይኖር ይሆናል። እኛም እስከ 2017 ዓ.ም. ሐምሌ ወር ድረስ እንደዚያው ነበር የምናስበው።

በዚያ ወር አንድ ማታ የሆነውን አብዛኞቻችሁ ታውቃላችሁ። አምስት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ በሚጠቀምበት ግቢ፣ አንድ ልጃችን የሞተር ሳይክሉን ማርሚታ ሊበይድ የብየዳ ማሽን ተውሶ መጣ። ማርሚታውን አልፈታም፤ ባትሪውንም አልነቀለም። የማሽኑን የመሬት ገመድ በኋላ ጎማው በኩል አስነክሶ ሥራውን ጀመረ። በዚያው ሰዓት የጎረቤቱ እናት ምጣድ ጥደው ለለቅሶ ቤት እንጀራ ይጋግሩ ነበር። አሥር ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ መብራቱ ብልጭ ድርግም አለ፣ ከቆጣሪው ሥር ያለው ሽቦ ጨሰ፣ ግቢውም ጨለመ። እኚያ እናት የተረፈውን ሊጥ ተሸክመው በሌሊት የሰው ምጣድ ሲለምኑ አደሩ። ልጁም ጠዋት ሞተሩን ሊያስነሳ ቢል እምቢ አለው። መካኒክ ሲያየው ሲዲአዩና ሬጉላተሩ ተቃጥለዋል። ማርሚታው ግን በደንብ ተበይዶ ነበር! ልጁ መለዋወጫውን እስኪገዛ ድረስ ሦስት ሳምንት ያለ ሥራ ተቀመጠ።

ከዚያ ወዲህ በሰፈሩ ሁለት ዓይነት አሳብ እንሰማለን። አንዳንድ ትልልቅ ሰዎች «ብየዳ የሚባል ነገር ከሰፈር ይውጣ» ይላሉ። ወጣቶቹ ደግሞ «የራሴን ሞተር በራሴ ግቢ ብበይድ ማን ምን አገባው?» ይላሉ። እኛ በሁለቱም አንስማማም።

ለትልልቆቹ የምንለው ይህን ነው። በአርባ ምንጭ ሞተር ሳይክል የቅንጦት ዕቃ አይደለም። ከሲቀላ ወደ ሴቻ ዳገት የሚወጣው፣ ሙዝ ጭኖ ከእርሻ የሚመለሰው፣ ወደ ጨንቻ ተራራ የሚታገለው ሞተር የብዙ ቤት እንጀራ ነው። በኮረኮንች መንገድ ሲንቀጠቀጥ የዋለ ማርሚታ መሰንጠቁ አይቀርም። ከውስጥም ይበላል፤ ምክንያቱም ቤንዚን ሲቃጠል ውሃም አብሮ ይወጣል፣ ሞተሩ በደንብ ሳይሞቅ በአጭር መንገድ ከጠፋ ያ ውሃ ውስጡ ይቀርና ያዝገዋል። የተበሳ ማርሚታ ደግሞ ሕፃን ያስደነግጣል፣ በሽተኛ ያውካል፣ ጭሱም ወደ ነጂው ይመጣል። እንግዲህ መበየድ አለበት። ጋራዥ ወስዶ ወረፋ መጠበቅ የአንድ ቀን ገቢ እንደሚያሳጣም እናውቃለን።

ለወጣቶቹ ደግሞ እንዲህ እንላለን። ሞተሩ የራስህ ነው፤ ቆጣሪው ግን የአምስት ቤት ነው። አየሩም፣ የሚያዩህ ሕፃናት ዓይንም የራስህ አይደለም። የራሴ የምትለውን ሞተር ራሱን ደግሞ ሳታውቅ እየገደልከው ነው።

እኛ መሐንዲሶች አይደለንም። ነገር ግን ከበያጆች፣ ከመካኒኮችና ከኤሌክትሪክ ሠራተኞች ጠይቀን የተረዳነው እንደሚከተለው ነው። የብየዳ ማሽን ሲበይድ ቮልቱ ትንሽ ነው፤ ከ20 እስከ 30 ገደማ ይሆናል። ኤሌክትሮዱ ብረቱን ሳይነካ ሲቀር ግን ጫፉ ላይ ከ50 እስከ 80 ቮልት ሊቆም ይችላል። አምፔሩ ደግሞ ለቀጭን ብረት እንኳ ከ40 በላይ ነው። የሞተር ሳይክል የኤሌክትሪክ ዕቃ የተሠራው ግን ለ12 ቮልት ነው። ያ ሁሉ ኃይል ከኤሌክትሮዱ ወጥቶ በመሬት ገመዱ በኩል ወደ ማሽኑ መመለስ አለበት። የመሬት ገመዱ ሩቅ ከተነከሰ ኃይሉ መንገድ ፍለጋ በሻሲው፣ በጎማው ኩሽኔታ፣ በሞተሩ አካልና በሽቦው ውስጥ ይሄዳል። የባትሪው ኔጌቲቭ ሽቦ ከሻሲው ጋር የታሰረ ነው፤ የሲዲአዩም እንዲሁ። በነዳጅ መርጫ የሚሠሩት አዳዲሶቹ ሞተሮች ደግሞ ኮምፒዩተር አላቸው፤ እሱ ከተቃጠለ ዋጋው አይቀመስም።

«ኧረ ቁልፉን አጥፍቼዋለሁ» የሚል አለ። አይበቃም። በብዙ ሞተሮች ላይ ሬጉላተሩ ቁልፉ ቢጠፋም ከባትሪው ጋር እንደተያያዘ ነው።

ስለዚህ የእኛ አቋም አንድ ነው። ማርሚታ ይበየድ፤ ነገር ግን ከሞተሩ ላይ ወርዶ ይበየድ። ማርሚታ ብዙውን ጊዜ ከሞተሩ ራስ ጋር በሁለት ዳዶ፣ ከሻሲው ጋር በአንድ ወይም በሁለት ብሎን የተያዘ ነው። ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ጠብቆ፣ የዛገውን ዳዶ ዘይት አጠጥቶ መፍታት የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ከሞተሩ የወረደ ማርሚታ ከሽቦም ከባትሪም ጋር ግንኙነት ስለሌለው የሚቃጠል ነገር የለም። ሲመለስ ጋስኬቱን በአዲስ መለወጥ ነው።

ብሎኑ ተሰብሮ ወይም ሌላ ችግር ኖሮ ሞተሩ ላይ እንዳለ መበየድ የግድ ከሆነ ግን የሚከተለው ይፈጸም፤

1ኛ. ከባትሪው መጀመሪያ ኔጌቲቩ፣ ቀጥሎ ፖዘቲቩ ይነቀል። ሲመለስ በተቃራኒው ነው፤ ፖዘቲቩ ቀድሞ ኔጌቲቩ መጨረሻ ይታሰራል። የተነቀሉት ሽቦዎች ብረት እንዳይነኩ በጨርቅ ወይም በፕላስተር ይጠቅለሉ።

2ኛ. የሲዲአዩ ወይም የኮምፒዩተሩ እንዲሁም የሬጉላተሩ ሶኬት ይነቀል።

3ኛ. የማሽኑ የመሬት ገመድ ማርሚታው ላይ ራሱ፣ ከሚበየደው ቦታ በጣም ቀርቦ፣ ቀለሙና ዝገቱ ተፍቆ ይነከስ። ጎማ፣ ካቴና ወይም የሞተር አካል ላይ ፈጽሞ አይነከስ።

4ኛ. የቤንዚን ታንኩ ወርዶ ከግቢው ዳር ይቀመጥ። አሸዋና ውሃ በእጅ አቅራቢያ ይሁን፤ ውሃው ግን ሶኬቱ ተነቅሎ ማሽኑ ሳይጠፋ አይደፋ። ሥራው ካለቀ በኋላም ለግማሽ ሰዓት ያህል ቦታው ይጠበቅ።

5ኛ. የማርሚታ ቆርቆሮ ቀጭን ስለሆነ በወፍራም ኤሌክትሮድ ይበሳል። የ2 ወይም የ2.5 ሚሊሜትር ኤሌክትሮድ፣ አምፔሩን ዝቅ አድርጎ፣ ነጥብ ነጥብ እያደረጉ ማስኬድ ይበቃል።

ማርሚታው ቢወርድም ባይወርድም የማይቀሩ ጥንቃቄዎች ደግሞ አሉ። የማርሚታን ጥላሸት በቤንዚን አጥበው ወዲያው የሚበይዱ አሉ፤ ውስጡ የቀረው ተን ሊፈነዳ ይችላል። ቀዳዳውን በጣራ ቆርቆሮ ቁራጭ የሚለጥፉም አሉ። የጣራ ቆርቆሮ ዚንክ የተቀባ ነው፤ ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ ማታ እንደ ወባ ያንቀጠቅጣል። በአርባ ምንጭ ደግሞ ይህ ለወባ ተወስዶ ሰው ያሳስታል። «ወተት ጠጣበት» የሚባለው ምክር መድኃኒት አይሆንም፤ መድኃኒቱ ያልተቀባ ጥቁር ላሜራ መጠቀምና ደጅ ላይ፣ ነፋሱን ከኋላ አድርጎ መሥራት ነው። የሚያብለጨልጭ ክሮም ያለው ማርሚታም ከሆነ ክሮሙ ከሚበየደው ቦታ በቅድሚያ ይፋቅ፤ ጭሱ ለሳንባ ጎጂ ነው፤ ሲፋቅም አፍንጫ ይሸፈን።

አሁን ወደ ቆጣሪው እንምጣ። በአገራችን ወደ ቤት የሚገባው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይወስዳል፤ ይህም 16 አምፔር ያህል ነው። ትራንስፎርመር ያለው አሮጌ የብየዳ ማሽን ደግሞ ብቻውን ከ20 አምፔር በላይ ሊስብ ይችላል። ሁለቱ ሲደመሩ ከ35 ያልፋሉ። ለቤት ሶኬት የሚዘረጋው የ2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ግን እንዲሸከም የታሰበው እስከ 20 አምፔር ገደማ ነው። በሐምሌው ማታ የሆነው ይኸው ነው፤ ተአምር አልነበረም። ብሬከሩ ሲወድቅበት ትልቅ ብሬከር የሚያስገባ፣ ወይም በፊውዙ ቦታ ሽቦ የሚጠመጥም ሰው ሽቦው እሳት እስኪሆን ድረስ ዘበኛውን ማባረሩ ነው። ከቆጣሪ በፊት ባለው መስመር ላይ መንጠልጠልማ ሕግም ይከለክለዋል፤ ሕይወትም ያስከፍላል።

ስለዚህ በጋራ ቆጣሪ ላይ የሚበይድ ሰው አስቀድሞ ለጎረቤቶቹ ይንገር፤ ምጣድ በተጣደበት ሰዓት አይበይድ፤ በምሽትም አይበይድ። መብራቱ ሲደክም ካየ ያቁም። በክረምት በረጠበ መሬት ላይ፣ በባዶ እግር ወይም በነጠላ ጫማ አይሥራ።

የልጆቻችንን ዓይን ነገር ሳናነሳ አናልፍም። የብየዳ ብርሃን ለልጅ እንደ ርችት ያምረዋል፤ ከቦ ያያል። ሲያየው ምንም አያመውም፤ ከሰዓታት በኋላ ግን ዓይኑ አሸዋ እንደገባበት ሆኖ ሲያለቅስ ያድራል። የፀሐይ መነጽር የበያጅ መከላከያ አይደለም። የሚበይድ ሰው ልጆችን ከግቢው ያስወጣ፤ ወይም በአንሶላ ሳይሆን እሳት በማይበላው ነገር ይጋርድ።

ሌላውን ከመውቀሳችን በፊት ራሳችንን መውቀስ ይገባናል። በ2016 ዓ.ም. የማህበራችን ዕቃ ቤት በር ሲበየድ ኤሌክትሪኩ የተሳበው ከአንድ አባላችን ቤት ነበር። በዚያው ቆጣሪ የሚጠቀሙትን ሌሎች ቤተሰቦች አልጠየቅንም። ልጆች ተኮልኩለው ሲያዩም «ዘወር በሉ» ያለ ከመካከላችን አልተገኘም። የዚያን ጊዜ ምንም ስላልተቃጠለ ትክክል የሠራን መሰለን። ወጣቱ ከእኛ ያየውን ነው ያደረገው።

በመሆኑም ከወቀሳ አልፈን አንድ ነገር እንጠይቃለን። ብዙዎቹ ወጣቶች ማርሚታውን የማይፈቱት ስንፍና ይዟቸው ሳይሆን መፍቻ ስለሌላቸው ነው። ማህበሩ ከመዋጮው አንድ ሙሉ የመፍቻ ስብስብ፣ አንድ የበያጅ መከላከያ ጭንብልና ሁለት ባልዲ አሸዋ አዘጋጅቶ በዕቃ ቤቱ ያስቀምጥ፤ የሚፈልግ ፈርሞ ይዋስ። «ለሞተር ባለቤት ከእኛ ኪስ ለምን?» የሚል አባል እንደሚኖር እናውቃለን። መልሳችን፣ በዚያን ማታ ሊጥ ተሸክመው የዞሩት እናት ሞተር የላቸውም የሚል ነው።

ይህ አሳብ በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ለውይይት ይቀርባል። የሚደግፍም የሚቃወምም መጥቶ ይናገር። የሰፈራችን በያጆችም ሙያችሁን ይዛችሁ ኑ፤ የተሳሳትነው ካለ አርሙን። ወላጆች ሆይ፣ ማንበብ ለማይችሉት አንብቡላቸው። አበው ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለእንደዚህ ያለው ጉዳይ ነው።

የማህበሩ ጽሕፈት ቤት