ቅሬያችን ድንኳን አለው፣ አጣቢ ግን የለውም

ወንድም እህቶቼ፣ በተለይ እናንተ ያስቀራኋችሁ ልጆች፣ ዛሬ ትንሽ ልቆጣ ነው፤ አውፍ በሉኝ።

በቀደም እዚሁ ወሎ አንዲት ገጠር ለቀብር ሄጄ ነበር። እናትየዋ ሱብሂ ላይ ነው አኼራ የሄዱት። እስከ አሱር ግን አልተቀበሩም። ለምን? የምታጥባቸው ሴት ጠፍታ! ከከተማ አንዲት እናት በባጃጅ እስኪመጡ ጀናዛው ቤት ውስጥ፣ ሴት ልጆቻቸው ደጅ ተቀምጠው ያለቅሳሉ። ልጆቹ ቁርኣን አኽትመዋል። አንዷን ያስቀራኋት እኔ ነኝ። "ኡስታዝ፣ እናቴን በእጄ ማጠብ እየፈለግሁ እንዴት እንደሆነ አላውቅም" አለችኝ። ምን ልመልስላት? አላስተማርኳትማ!

"ሴት ልጅ ትፈራለች" ይሉናል። ታዲያ ሴትን ማን ሊያጥብ ነው? የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ልጅ ስታርፍ ያጠቧት እነ ኡሙ ዐጢያ ናቸው። አስተጣጠቡን የነገሯቸውም እሳቸው ራሳቸው ናቸው፦ በውሃና በቁርቁራ ቅጠል፣ ሦስት ወይም አምስት ጊዜ፣ ካስፈለገም ከዚያ በላይ፣ በመጨረሻው ላይ ካፉር ጨምረው።

"ያልተማረ ሰው ቢሳሳትስ?" የሚሉም አሉ። ወላሂ የሚያናድደኝ ይሄ ነው! አናስተምርም፤ ከዚያ ደግሞ "አልተማሩም" ብለን እንከለክላለን። ግዴታው እኮ ነጃሳውን አስወግዶ ውሃውን መላ ሰውነት ላይ ማዳረስ ነው። ከፈኑ ለወንድ ሦስት ጨርቅ፣ ለሴት አምስት፤ ከጠፋ መላ አካልን የሚሸፍን አንድም ይበቃል። ሶላቱ ሩኩዕ የለው፣ ሱጁድ የለው፤ በቁም አራት ተክቢራ ነው። ይሄ ዓመት የሚፈጅ ኪታብ ነው እንዴ?

ቅሬያችን ድንኳን አለው፣ ድስት አለው፣ መቆፈሪያ አለው። ከቀብር የቀረ ይቀጣል። ማጠብ የሚችል ሰው ስለሌለው ግን ማንም አይጠይቅም። ጀናዛ ፈርዱል ኪፋያ ነው፤ አንዱ ከሠራው ከሌላው ይወርዳል፣ ማንም ካልሠራው ግን ሁላችንም ተጠያቂ ነን። "ሸኹ አሉ" እያልን እስከ መቼ? ሸኹም እኮ ይሞታሉ! ያኔ እሳቸውን ማን ያጥባቸዋል?

ስለዚህ ኡስታዞች፣ የቅሬ ዳኞች፦ አንድ ቅዳሜ፣ ጥቂት ሜትር አቡጀዲ፣ አንድ ባልዲ ውሃ፣ ተኝቶ የሚያሳይ አንድ ፈቃደኛ ሰው። ለሴቶቹ ሴት ታስተምር። ከየመንደሩ አምስት ወንድ፣ አምስት ሴት ይበቃል። እኔ ከዚያችው መንደር እጀምራለሁ ኢንሻአላህ። ያስቀራኋችሁ ልጆች፣ የምትችሉ አብራችሁኝ ውጡ።

አላህ ኻቲማችንን ያሳምርልን።