ቀለም ካፈር

ሥዕል የሚማር ወጣት ዛሬ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው የቀለሙን ዋጋ ነው። ከባሕር ማዶ በቱቦ ተሞልቶ የሚመጣውን ቀለም ለመግዛት ከምሳው ይቀንሳል። ወደ ሱቅ ሲሄድ ግን የሚረግጠው ቀይና ቢጫ አፈር መሆኑን ልብ የሚለው ጥቂቱ ነው።

አገራችን ላፈር ቀለም እንግዳ አይደለችም። በድሬዳዋ አጠገብ ካለው ከፖርክ ኤፒክ ዋሻ ከ4,000 በላይ የቀለም አፈር ስባሪ ተቈፍሮ ወጥቷል፤ ክብደቱ ወደ 40 ኪሎ፣ ዕድሜውም ወደ 40,000 ዓመት ነው። በድንጋይ የተፈጨም አለበት።

ይሁን እንጂ ስላለፈው ስንናገር እውነቱን ብንይዝ ይሻላል። አባቶቻችን ቤተ ክርስቲያኑን ሁሉ በቅጠልና ባፈር ብቻ ሣሉት የሚለው አነጋገር ደስ ቢያሰኝም ልክ አይደለም። የቀድሞ ሥዕሎቻችን ሲመረመሩ፣ ከጥላሸትና ካፈሩ ጋራ ባዜቃ ያለበት ደማቅ ቀይ፣ አርሴኒክ ያለበት ቢጫ ማዕድንና ኢንዲጎ የሚባለው ሰማያዊ ይገኛሉ፤ እነዚህም የንግድ ዕቃዎች ነበሩ። (ሁለቱ ፊተኞች መርዝ ናቸውና፣ «የተፈጥሮ ነው» እያለ ሁሉን በጣቱ የሚያሽ ተማሪ ይጠንቀቅ።)

ስለዚህ የኔ አሳብ የሱቅ ቀለም ይቅር ማለት አይደለም፤ ሰማያዊውን ካፈር አናገኘውም። የምለው፣ በደጃችን ያለውን ቀይ፣ ቢጫና ቡናማ በውድ ዋጋ ከሩቅ አናስመጣው ነው። ሥራው ትዕግሥት እንጂ መሣሪያ አይፈልግም። አፈሩን በውሃ በጥብጦ ጥቂት ማቈየት፤ አሸዋው ሲዘቅጥ ድፍርሱን ወደ ሌላ ዕቃ መገልበጥ፤ ይህንንም ደጋግሞ የረጋውን ልም ጭቃ ማድረቅ፤ በኋላ በድንጋይ አልሞ ከቆዳ ሙጫ ወይም ከእንቍላል አስኳል ጋራ ማሸት ነው። ቢጫው አፈር በኃይለኛ እሳት ቢቈላ ወደ ቀይ ይለወጣልና ካንድ ጕድጓድ ሁለት ቀለም ይወጣል።

የቅጠልና የሥር ቀለም ነገሩ ሌላ ነው። እርድ ሲቀቡት ያምራል፤ ብርሃን ግን ቶሎ ያደበዝዘዋል። ቀዩን አፈር ቀይ ያደረገው የብረት ዝገት ነው፤ ዝገት ደግሞ ፀሐይን አይፈራም።

የቱ ቍልቍለት የቱን አፈር እንደሚሰጥ ከማንም ይበልጥ የሚያውቁት ሸክላ ሠሪዎችና የቤታቸውን ግድግዳ የሚቀቡ የገጠር እናቶች ናቸው። ሸክላ ሠሪን ስንንቅ ኖረን ዕውቀቷን በወረቀት አላሰፈርነውም፤ አሮጊቲቱ ስታልፍ ጕድጓዱም አብሮ ይጠፋል። በየወረዳው የሚሠራ ወጣት ሹም ለመስክ ሥራ በወጣ ጊዜ አንድ እፍኝ አፈር በወረቀት ጠቅልሎ፣ የቦታውን ስምና የባለሙያዋን ምክር በላዩ ጽፎ፣ በ1950 ዓ.ም. አለ ፈለገ ሰላም ወዳቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ቢልክ ምን ይጐድልበታል? ተማሪውም ከደረሰው አፈር በሰሌዳ ላይ ቀብቶ፣ ግማሹን በወፍራም ወረቀት ሸፍኖ ፀሐይ ከሚገባበት መስኮት ላይ ያቁመው፤ በዓመቱም ወረቀቱን ገልጦ ሁለቱን ወገን ያስተያይ።