ለሊስትሮው ከሰፊው መንገድ ላይ ቦታ ይሰጠው

ተክለ ሃይማኖት አካባቢ የመኪና ቀለም ቀቢ ነኝ። የአጨራረስ ጥበብን መጀመሪያ ያየሁት ግን ጋራዥ ውስጥ ሳይሆን እዚሁ ሰፈር መንገድ ዳር ከሚሠሩ ሊስትሮዎች ነው። ስለዚህ እነዚህ ወጣቶች ሣጥናቸውን አንጠልጥለው ከእግረኛ መንገድ ሲባረሩ ሳይ ዝም ማለት አይሆንልኝም።

ሥራቸውን ቀርቦ ላየ ሰው ሙያነቱ አያከራክርም። ሊስትሮው ጭቃውን በሳሙና ውሃ ያጥባል፣ ያደርቃል፣ ቀለም ይቀባል፣ ይቦርሻል። ብሩሹን ሣጥኑ ላይ ኳ ሲያደርግ እግር መቀየር ነው። ጎበዙ ከዚህም ያልፋል። ጨርቁን ጣቱ ላይ ወጥሮ ይጠቀልላል፣ ቀለሙን በጥቂቱ ይነካል፣ ጠብታ ውሃ ጣል ያደርግና የጫማውን አፍንጫ በዝግታ እያዞረ ያሻል። በወታደር ቤት ውሃው በሌለበት ምራቅም ይሠራል።

ምስጢሩ ይኸው ነው፦ ቆዳ ለስላሳ ቢመስልም ፊቱ በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ ስለሆነ ብርሃን ይበትናል። ቀለሙ ውስጥ ያለው ሰም ቀዳዳዎቹን ይሞላል፤ ጠብታዋ ደግሞ ጨርቁ ሰሙን መልሶ እንዳይልጠው ታደርጋለች። ቀለም ያበዛ ሰው የደበዘዘ ጫማ ይተርፈዋል። ስስ አድርጎ የደራረበ ፊቱን ያይበታል።

የመኪናም ሕግ ከዚህ አይርቅም። ስቱኮው በደንብ ሳይስተካከል የተረጨ ቀለም ፀሐይ ላይ ሲወጣ ጉዱ ይታያል። የላይኛው ግልጽ ሽፋን ከደረቀ በኋላ ባለ 2000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በውሃ እያራስን እናሸዋለን። መጀመሪያ ይደበዝዛል፤ በፖሊሽ ሲወለወል ነው የሚያበራው። አቧራ የጠጣ መኪና በደረቅ ጨርቅ የሚጠርግ ሰው ቀለሙን ይጭረዋል። ሊስትሮው ሁልጊዜ ከማጠብ የሚጀምረው በከንቱ አይደለም። ሥራ ፈልጎ የሚመጣ ወጣት ሊስትሮ የነበረ እንደሆነ ደስ የሚለኝም ለዚህ ነው፤ ትዕግሥቱን ጣቱ ለምዶታል።

መንገድ ይዘጋሉ፣ ቆሻሻ ውሃ ይደፋሉ የሚሉ አሉ። ቅሬታው እውነት አለው። መፍትሔው ግን ማባረር አይደለም፤ የተባረረው ሊስትሮ ቀጣዩ ማዕዘን ላይ ይቀመጣል፣ ውሃውንም እዚያው ይደፋል።

ደግሞስ መንገድ ለማለፊያ ብቻ ነው ያለው ማን ነው? ሉዊ ዳጌር እ.ኤ.አ. በ1838 ፓሪስ ውስጥ አንድ ጎዳና ፎቶ ሲያነሳ፣ ካሜራው ምስሉን ለመቅረጽ ደቂቃዎች ይፈጅበት ስለነበር ሲራመዱ የነበሩት ሁሉ አልታዩም። ጎልቶ የቀረው ቆሞ ጫማውን ያስጠርግ የነበረ ሰው ነው። በፎቶግራፍ የታየ የመጀመሪያው ሰው እሱ እንደሆነ ይታመናል። የእኛም ሰፈር ሰው ጋዜጣ የሚያነበው፣ የሰፈሩን ወሬ የሚሰማው፣ የጠፋበትን አድራሻ የሚጠይቀው ሊስትሮው ዘንድ ቆም ሲል ነው።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማት የአዲስ አበባ የእግረኛ መንገዶች እየሰፉ ነው። ከዚያ ስፋት ላይ ለጥቂት ሣጥኖች የሚበቃ ጥላ፣ የውሃ ቧንቧና ቆሻሻ ውሃ መድፊያ ማዘጋጀት ለከተማችን ቀላል ወጪ ነው። ቦታው በወጣቶቹ ስም ይመዝገብ፤ ንጽሕናውንም እነሱው ይጠብቁ፣ ባይጠብቁ ይጠየቁበት። ላባቸውን አፍስሰው የሚያድሩ ሰዎች ከደንብ አስከባሪ ሳይሸሹ መሥራት መብታቸው ነው።