ሻማ ብቻ አትበሉን

መምህር በተመሰገነ ቁጥር «ራሱ ነዶ ለሌላው የሚያበራ ሻማ» ይባላል። ምስጋናውን አንጠላም። ነገር ግን ነገ ተመርቀን ወደየአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የምንሰማራ ዕጩ መምህራን እንደ መሆናችን አንድ ጥያቄ አለን፤ ሻማው ነዶ ሲያልቅስ ክፍሉ ምን ይውጠዋል?

ስለ መምህራን የሥራ ፍላጎት በየመኝታ ክፍላችን ስንከራከር ሁለት ወገን እንሆናለን። አንዱ «ደመወዝ ይጨመር እንጂ ሌላው ወሬ ነው» ይላል። ሌላው ደግሞ «መምህርነት ፍቅር ነው፤ ገንዘብ የሚያስብ ሌላ ሥራ ይፈልግ» ይላል። በእኛ አስተያየት ሁለቱም የያዙት ግማሹን እውነት ነው።

ፍሬድሪክ ሄርዝበርግ የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ምሁር ከባልደረቦቹ ጋር በ1959 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ ሰውን በሥራው የሚያስደስቱትና የሚያስከፉት ነገሮች የተለያዩ መሆናቸውን ገለጸ። የጠየቃቸው ግን መሐንዲሶችንና የሒሳብ ሠራተኞችን ነበር። በ1967 እ.ኤ.አ. ቶማስ ሰርጂዮቫኒ ይህንኑ በመምህራን ላይ ሲመረምር፣ ያስደሰቷቸው በይበልጥ የሥራን ውጤት ማየት፣ ዕውቅና ማግኘትና ኃላፊነት መሸከም ሆነው ተገኙ። ያስከፏቸው ደግሞ የአስተዳደር ጉድለት፣ የማይረዳ ቁጥጥርና ከሰው ጋር አለመግባባትን የመሳሰሉ ናቸው።

ታዲያ ይህን ይዞ «ደመወዝ አያስፈልግም ማለት ነው» የሚል ቢኖር ተሳስቷል። የቤት ኪራይና ጤፍ በምስጋና ወረቀት አይገዛም! ወሩ ሳይጋመስ ደመወዙ ያለቀበት መምህር ልቡ ያለው ከጥቁር ሰሌዳው ሳይሆን ከባለሱቁ የዱቤ መዝገብ ላይ ነው። ደመወዝ ቅሬታን ያስወግዳል፤ ፍላጎትን ግን ብቻውን አይፈጥርም።

የራሳችንም ታሪክ ይህንኑ ያስረዳል። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መምህራን ሥራ ሲያቆሙ የደመወዝ ጥያቄ ብቻ አልነበረም ያነሱት፤ የትምህርት ዘርፍ ጥናት የተባለውንም ዕቅድ ተቃውመዋል። መምህር እንጀራም ይፈልጋል፣ መደመጥም ይፈልጋል ማለት ነው።

ፍላጎቱ የሞተ መምህር ሁሉ ሥራውን አይለቅም። የሚያሳስበን እንዲያውም ሳይለቅ የተለየው ነው። ስም ይጠራል፣ ማስታወሻ ያስገለብጣል፣ ደወል ይጠብቃል። ልጁም ፊደል ሳይለይ ከክፍል ክፍል ያልፋል። ዕዳውን የሚከፍለው ያ ልጅ ነው።

ስለሆነም ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ርዕሳነ መምህራንና ሱፐርቫይዘሮች ክፍል የሚገቡት ጉድለት ለመልቀም ብቻ አይሁን፤ ያዩትን በጎ ሥራም ይናገሩ። ከጀማሪ መምህር ጀምሮ የተዘረጋው የደረጃ ዕድገት በሥራ ይመዘን። በትውውቅ ከሆነ መሰላሉ ራሱ ቅሬታ ይወልዳል።

ሁለተኛ፣ የሥራችንን ውጤት ማየት ከራሳችን ይጀምር። በመስከረም ፊደል ያልለየ ልጅ በሰኔ የት እንደደረሰ በደብተራችን እንመዝግብ። በአንድ ክፍል 50 ተማሪ የሚለው መለኪያ በብዙ ቦታ ይታለፋል፤ ይህ ለአንድ ሰው ከባድ ነው። ግን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባል የለም? መምህራን መርጃ መሣሪያውንም ዘዴውንም ቢካፈሉ ሸክሙ ይቀላል።

ሦስተኛ፣ መምህራኖቻችን የሥራ ፍላጎትን ንድፈ ሐሳብ ለፈተና ብቻ አያስተምሩን። የገጠር ትምህርት ቤት ኑሮ ምን እንደሚመስል፣ ተስፋ ሲቆረጥ ምን እንደሚደረግ በግልጽ ያወያዩን።

እኛ ነዶ እንደሚያልቅ ሻማ ሳይሆን ላምባ እንደሚሞላለት ኩራዝ መሆን እንሻለን። ላምባውን የሚመለከታቸው ሁሉ ይሙሉ፤ ክሩን እኛ እንጠብቃለን እንላለን።