መኪናችሁ ጠዋት ጠዋት ሲያፏጭ ምን ማለቱ ነው?

በዚህ ዓምድ ስለ ሰው ልብ ብዙ አውርተናል፤ ዛሬ ደግሞ ስለ መኪና ሆድ ዕቃ እናውጋ። "እኔ መኪና የለኝም" ብላችሁ ገጹን እንዳትገልጡት። ዛሬ ባይኖራችሁ ነገ ይኖራችሁ ይሆናል። ባይኖራችሁም የሰው መኪና ውስጥ መግባታችሁ አይቀርም።

አንድ ወጣት አንባቢ የጻፈልኝ ጥያቄ ባጭሩ እንዲህ ይላል። እቁብ ደርሶት ያገለገለች ኮሮላ ገዛ። እቁቡን ገና ከፍሎ አልጨረሰም። መኪናዋ ታዲያ በየጠዋቱ ስትነሳ በፉጨት ሰፈሩን ትቀሰቅሳለች። የሸጠለት ሰው "ብርድ ነው፣ ሲሞቃት ትተዋለች" አለው። እውነትም ሲሞቃት ትተዋለች። ሌላ ሰው ደግሞ ደረቅ ሳሙና ቀባለትና ሁለት ቀን ዝም አለች፤ በሦስተኛው ቀን ግን ያው ሆነ። "አሁን ለምጄዋለሁ፣ ሬዲዮኑን ከፍ አደርጋለሁ። ችግር ይኖረው ይሆን?" ይላል።

ችግርማ አለው ወንድሜ! ሲሞቃት መተዋ ዳነች ማለት አይደለም።

ሞተሩ በጠፋበት ሰዓት ኮፈኑን ክፈቱና ከሞተሩ ፊት ወይም ከጎኑ ተመልከቱ። ጥቁር የላስቲክ ቀበቶ በክብ ብረቶች ላይ ተጠምጥሞ ታያላችሁ። መካኒኮቻችን ከጣሊያን በተወረሰ ቃል ቺንጋ ይሉታል፤ ቤልት የሚሉትም አሉ። ክብ ብረቶቹ ፑሊ ናቸው። ሞተሩ አንዱን ፑሊ ያዞራል፣ ቺንጋው ጉልበቱን ተቀብሎ ለሌሎቹ ያከፋፍላል፦ ባትሪ ለሚሞላው ዲናሞ፣ በብዙ መኪኖች ለውሃ ፓምፑ፣ ካላችሁም ለኤሲው እና መሪ ለሚያቀለው ፓምፕ። አንድ ላስቲክ ስንቱን ቤተሰብ እንደሚያስተዳድር አያችሁ?

ሞተር ስታስነሱ ባትሪው ብዙ ኃይል ያወጣል። ሞተሩ እንደተነሳ ዲናሞው የወጣውን ለመተካት ይጣደፋል፤ ሲጣደፍ ደግሞ ለመዞር ይከብዳል። ቺንጋው ከላላ ወይም ካረጀ ያንን ሸክም መጎተት ያቅተውና ፑሊው ላይ ይንሸራተታል። የሌሊት እርጥበት ሲታከልበትማ ይብሳል። ፉጨቱ ይኸው መንሸራተቱ ነው። ጥቂት ቆይቶ ባትሪው መለስ ሲል ሸክሙ ይቀላል፣ እርጥበቱ ይደርቃል፣ ድምፁ ይጠፋል። ቺንጋው ዝም ያለው ሸክሙ ስለቀለለት እንጂ ስለተሻለው አይደለም።

ሳሙናውም ሆነ የሚረጨው ቅባት ድምፁን ይሸፍናል እንጂ የላላውን አያጠብቅም፣ ያረጀውን አያድስም። ይባስ ብሎ አቧራ ይሰበስባል። ስለዚህ ያገለገለ መኪና ልትገዙ ስትሄዱ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ራሳችሁ አስነሱት። "አሙቄ ጠበቅኳችሁ" የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ቡናውን ጠጡና ሌላ ቀን በጠዋት ተመለሱ!

ፉጨቱን መልመድ ምን እንደሚያስከትል በቅርብ አይቻለሁ። አንድ የማውቀው ልጅ ከአዳማ በአሮጌው መንገድ ሲመለስ ቢሾፍቱን አለፍ እንዳለ የባትሪ ምስል ያለባት ቀይ መብራት በራችበት። "ባትሪ ነው፣ አዲስ አበባ ስገባ አሳየዋለሁ" ብሎ ነዳ። ዱከም ሳይደርስ የሙቀት መለኪያው ቀዩ ላይ ወጣ። "ትንሽ ነው የቀረኝ" ብሎ አሁንም ነዳ። ከዚያማ ከኮፈኑ ስር እንፋሎት ተነሳ፣ ሞተሩም በራሱ ጊዜ ቀጥ አለ። ቺንጋው ተበጥሶ ዲናሞውም የውሃ ፓምፑም ቆመው ኖሯል። ሞተሩ ሲከፈት ቴስታታው ተጣሟል፣ ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሏል። መኪናዋ ጋራዥ ውስጥ ከሁለት ወር በላይ ተኛች። ልጁ ቤተሰቡን የሚረዳው በእሷ እየሠራ ነበር። መኪናዋ ስትቆም ዕዳው አብሮ አልቆመለትም።

እናም ይህችን አትርሱ፦ እየነዳችሁ የባትሪ መብራት በርታ ሙቀት ከጨመረ ወይም መሪው ድንገት ከከበደ፣ ዳር ያዙና ሞተሩን አጥፉ። "እዚያች ማደያ ድረስ" አትበሉ። የራዲያተሩንም ክዳን ሞተሩ ሳይበርድ እንዳትነኩት፤ የሚፈነዳው ውሃ ፊት ይልጣል። የድሮ ሾፌሮች በተበጠሰው ቺንጋ ቦታ የሴት ስቶኪንግ አስረው ጥቂት ኪሎ ሜትር ይገፉ ነበር። ይህ ግን የሚሞከረው በድሮው ቀጭን ቺንጋ ነው፣ በዛሬው ሰፊ ቺንጋ አይሠራም። ሚስትም "የማን ስቶኪንግ ነው?" ብላ ብትጠይቅ የኔን ስም እንዳታነሱ!

ታዲያ ከዚህ ሁሉ በፊት ምን እናድርግ? ሞተሩ ጠፍቶና በርዶ ሳለ በወር አንዴ እዩት። እንደ ድሮዎቹ ላዳና ዲኤክስ ያሉት ጎኑ የሾለ ቀጭን ቺንጋ አላቸው። በሁለት ፑሊዎች መካከል ረጅሙ ቦታ ላይ በአውራ ጣት ጫን ስትሉት ወደ 1 ሳንቲ ሜትር ገደማ መርገብ አለበት። በጣም ከረገበ ላልቷል። ጭራሽ ካልረገበ ደግሞ ከልክ በላይ ተወጥሯል፣ የዲናሞውንና የውሃ ፓምፑን ኩሽኔታ ይበላል። "ጥብቅ ይሻላል" የሚባለው ወሬ ውሸት ነው።

እንደ ቪትዝና ያሪስ ያሉት ደግሞ በውስጥ በኩል ቀጫጭን መስመሮች ያሉት ሰፊ ቺንጋ አላቸው። የድሮው ላስቲክ ሲያረጅ ይሰነጣጠቅ ነበር። የዛሬው ብዙውን ጊዜ ሳይሰነጠቅ እንደ ጎማ ጥርስ ውስጥ ውስጡን ያልቃል። ስለዚህ "ስንጥቅ የለውም" ብላችሁ አትኩሩ፤ መስመሮቹ ጥልቀታቸውን ካጡ፣ ጠርዙ ከተተለተለ ወይም ገጹ እንደ መስታወት ካብለጨለጨ ጊዜው አልፏል። ዘይት ወይም የራዲያተር ውሃ ከነካው መጀመሪያ የሚያፈሰውን አሠሩ፤ አለዚያ አዲሱም ይበላሻል። ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚያገለግል የመኪናው መመሪያ ይነግራችኋል።

ድምፁም ይለያያል። የተራዘመ ፉጨት መንሸራተት ነው። እንደ ጫጩት "ጪው ጪው" እያለ የሚደጋገም ከሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ፑሊ ከመስመር ወጥቷል። መካኒኩ ውሃ ጠብ ሲያደርግበት ፉጨቱ ከባሰ የውጥረት ችግር ነው፤ "ጪው ጪው"ው ለአፍታ ጠፍቶ ከተመለሰ የመስመር ችግር ነው። ይህን ሙከራ ለባለሙያ ተዉለት። በተለይ ነጠላ፣ ስካርፍ፣ ክራባት ወይም የተለቀቀ ፀጉር ይዛችሁ የሚዞር ቺንጋ አጠገብ እንዳትደርሱ። ቺንጋው ጣትና ላስቲክ አይለይም።

ሶማሌ ተራ ልትገዙ ስትወርዱ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። ጀርባው ላይ 6ፒኬ1230 የሚል ዓይነት ጽሑፍ ካለው 6 መስመርና 1,230 ሚሊ ሜትር ርዝመት ማለት ነው። "ይሄም ይሆናል" ብትባሉ እሺ አትበሉ። ከመፈታቱ በፊትም አጠማጠሙን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ታይሚንግ የሚባለው ቺንጋ ግን ሌላ ነው። እሱ ክዳን ውስጥ ተደብቆ ይዞራል፣ ሳያፏጭ ሊበጠስ ይችላል፣ በብዙ ሞተሮችም ሲበጠስ ፒስተንና ቫልቭ ይጋጫሉ። እሱን ድምፅ ሳትጠብቁ በመመሪያው ኪሎ ሜትር ቀይሩት።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ ተከልክሏል። የኤሌክትሪኩ መኪና ይህ ሁሉ ቺንጋ የለበትም፣ ባለቤቱን እንኳን ደስ ያለህ እንበለው። እኛ የነዳጁን የያዝን ግን ያለችንን ይዘን መቆየት ሊኖርብን ነው። እንግዲህ ነገ ጠዋት መኪናችሁ ስታፏጭ ሬዲዮኑን ዝቅ አድርጉና ስሟት።