እንግዳው ዘፋኝ ለምን መጣ?

ዝነኛ ዘፋኝ በፊልም ውስጥ ለአምስት ደቂቃ ብቅ ብሎ ሲጠፋ ሁለት ዓይነት ወሬ ይከተለዋል። አንደኛው ወገን «እሱ ባይኖርበት ፊልሙ ምን ዋጋ ነበረው?» ይላል። ሌላው «ዘፋኝ ዘፈኑን ይዝፈን፤ ትወና ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገው?» ይላል። ሰሞኑን በመኝታ ክፍላችንም በሻይ ቤቱም የጦፈው ክርክር ይኸው ነው። እኛ እንደሚመስለን ግን ሁለቱም ወገኖች ስለ ሰውየው ብቻ ነው የሚጨቃጨቁት። ታሪኩ ሰውየውን ለምን እንደፈለገው የጠየቀ አላጋጠመንም።

ነገሩን ከሥሩ ለመያዝ ትንሽ ወደ ኋላ እንሂድ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። «ዘ ሁ» የተባለው የእንግሊዝ የሮክ ባንድ በ1969 «ቶሚ» የሚል፣ አንድ ታሪክ በዘፈን የሚተርክ ሥራ በሸክላ አወጣ። በ1975 ኬን ራስል የሚባል ዳይሬክተር ሙዚቃዊ ፊልም አደረገው። ቶሚ የማያይ፣ የማይሰማ፣ የማይናገር ልጅ ነው፤ የተጫወተውም የባንዱ ድምፃዊ ሮጀር ዳልትሪ ነው። ይህ ልጅ ፒንቦል በሚባለው፣ በማሽን ውስጥ የብረት ኳስ እየመቱ ነጥብ በሚሰበስቡበት ጨዋታ ወደር የሌለው ሆኖ ይገኛል። ከእርሱ በፊት የጨዋታው ንጉሥ የነበረው ሻምፒዮን ሆኖ ብቅ የሚለው ደግሞ ኤልተን ጆን ነው። በዚያ ዘመን ኤልተን ጆንን የማያውቅ የሙዚቃ ወዳጅ ነበር ለማለት ያስቸግራል። እንደ ምሰሶ የረዘመ ጫማ ተጫምቶ፣ ከሰው ሁሉ በላይ ቆሞ አንዲት ዘፈን ይዘፍናል፤ ይሸነፋል፤ አበቃ።

ሃያስያኑ ፊልሙን በአንድ ቃል አልተቀበሉትም። ጩኸቱና ብልጭልጩ በዛብን ያሉ ነበሩ፤ ድፍረቱን የወደዱለትም ነበሩ። የኤልተን ጆን ክፍል ግን እስከ ዛሬ ይነሳል። ለምን ቢሉ፣ ታሪኩ የሚወድቅ ትልቅ ሰው ይፈልግ ነበር። ተራ ተዋናይ ቢሆን ኖሮ «ይህ ሰው ታላቅ ሻምፒዮን ነው» ተብሎ ሊነገረን ነው። ኤልተን ጆን ሲሆን ግን ትልቅነቱን ራሱ ተሸክሞት መጣ፤ ከዚያም በዝምተኛው ልጅ ፊት አጣው። ዝና ለታሪክ ሲሠራ እንዲህ ነው። በዚሁ ፊልም ቲና ተርነርም አንድ ዘፈን ብቻ ነው ያላት፤ ያየ ሰው ግን አይረሳትም።

ይህን ከ1978ቱ «ሳርጀንት ፔፐር» ጋር እናስተያየው። የቢትልስን ዘፈኖች ቢጂስ እና ፒተር ፍራምፕተን እንዲጫወቱት የተሠራ ሙዚቃዊ ፊልም ነው። አሊስ ኩፐር ገባበት፣ ኤሮስሚዝ ገባበት፣ በመጨረሻ ደግሞ ብዙ ዝነኞች ለፎቶግራፍ እንደተሰበሰበ ዘመድ ተደርድረው አብረው ዘመሩበት። ሃያስያኑ ምሕረት አላደረጉለትም። የዘፋኞቹ ችሎታ አንሶ አልነበረም፤ ግማሾቹ ቢወጡ ታሪኩ አንድ ነገር አይጎድልበትም ነበር። ሰው ሲበዛ ድግስ ይደምቃል፣ ፊልም ግን ድግስ አይደለም።

በ2018ቱ ሁለተኛ «ማማ ሚያ» ደግሞ ሼር መጨረሻው ሲቃረብ በሄሊኮፕተር ከች ብላ የሜሪል ስትሪፕ እናት ናት ተባለ። ሼር የተወለደችው በ1946፣ ስትሪፕ በ1949! በሦስት ዓመት የምትበልጥ እናት። ይሁንና ፊልሙ ራሱ ከመጀመሪያው በራሱ የሚስቅ ስለሆነ፣ ተመልካቹም አብሮ ሳቀና አለፈ።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። የክርክሩ እሳት የተጫረው በአቤል ተስፋዬ ነው፤ ዓለም «ዘ ዊክንድ» እያለ በሚጠራው። በ1990 በቶሮንቶ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ተወልዶ፣ አፉን የፈታው በአማርኛ ነው። በ2019 በወጣው የሳፍዲ ወንድማማቾች ፊልም «አንከት ጀምስ» ላይ ራሱን ሆኖ ለጥቂት ደቂቃ ብቅ ይላል። ፊልሙ ሙዚቃዊ አይደለም፤ ስድቡም ስለሚበዛ ከመምህር ጎን ተቀምጦ የሚታይ አይደለም። አቤል በፊልሙ ውስጥ በ2012 እንደነበረው፣ ገና በዝና ደጃፍ ላይ የቆመ ወጣት ነው፤ በምሽት ክበብ ይዘፍናል፣ ከዚያም በሴት ምክንያት ከከበረ ድንጋይ ነጋዴው ጋር ይደባደባል። ራሱን የወደደና የማያምር ጠባይ ያለው ሆኖ ለመታየት ፈቃደኛ ሆኗል። ለዚህም ይመስለናል ብዙ የጮኸበት ሃያሲ ያልነበረው። ውዳሴው በአብዛኛው ለዋናው ተዋናይ ለአዳም ሳንድለር ሄደ።

በኋላ ግን አቤል ከእንግድነት ወደ ባለቤትነት ተሸጋገረ። በ2023 «ዘ አይዶል» የተባለው ተከታታይ ፊልም ወጣ፣ ሃያስያን አብጠለጠሉት፣ ከአምስት ክፍል በኋላም አልቀጠለም። በ2025 ራሱን የመሰለ ዘፋኝ ሆኖ የተጫወተበት «ሃሪ አፕ ቱሞሮው» ወጣ፣ እሱም ከባድ ወቀሳ ደረሰበት። ያኔ በእኛ ሻይ ቤት የተባለውን የሰማ ሰው አለ? «በልጃችን ላይ ምቀኝነት ነው!» ተባለ። እንዴ! ምቀኝነት ቢሆንማ በ2019ኙም ይሰደብ አልነበር? ሰው የደም ዘመዱን ዘፈን ቢወድ ነውር የለበትም፤ ፊልሙንም በዘመድነት ሚዛን መመዘን ግን ለዘፋኙ ራሱ አይጠቅመውም። በአምስቱ ደቂቃ ታሪኩ እሱን ተጠቅሞበት ነበር። በኋለኞቹ እሱ ታሪኩን መስተዋት አደረገው። ሃያስያኑ የነቀፉት ይህን ይመስለናል።

በዚህ ሁሉ ክርክር ውስጥ አንድም ሰው ያላነሳው ነገር ደግሞ አለ። ያ ፊልም የሚጀምረው የት ነው? በወሎ! በ2010፣ በኦፓል ማዕድን ጉድጓድ። እግሩ የተሰበረ ሠራተኛ በሰው ሸክም ይወጣል፤ ጓደኞቹ በቻይናውያን አለቆች ላይ ይጮኻሉ፤ በዚያ ግርግር መሐል ሁለት ሰዎች ሹልክ ብለው ገብተው ድንጋዩን ይፈለፍላሉ። ነጋዴውን የሚያሳብደው፣ ኬቨን ጋርኔት የተባለው የቅርጫት ኳስ ተጫዋች «ዕድል ያመጣልኛል» ብሎ የሚሟገትለት ያ ድንጋይ ነው። ከእኛ ቦረና በስተሰሜን፣ በደላንታ ወገል ጤና አካባቢ ኦፓል የተገኘው በ2008 ነው። እዚያ ወጣቱ ገደሉን በእጅ መሣሪያ እየፈለፈለ፣ ናዳን እየፈራ ነው የሚያወጣው፤ ፊልሙ ያሳየን ዓይነት አለቃ የበዛበት ትልቅ ጉድጓድ አይደለም። ይህንን እርማት መጻፍ የሚገባው የወሎ ልጅ ነበር። እኛ ግን ስለ ዘፋኙ አምስት ደቂቃ ስንሟገት ስሙ ያልተጠራውን ባለ ሰባራ እግር ረሳነው። ያለ እርሱ ድንጋይ የለም፣ ያለ ድንጋዩም ፊልም የለም።

ይህንን ሁሉ የምንለው ያለ ነገር አይደለም። የድራማ ክበባችን ለምረቃው በዓል ሙዚቃዊ ድራማ እያዘጋጀ ነው፤ በዓባይ ሸለቆ አፋፍ ወዳለ ትምህርት ቤት ስለተመደበች አዲስ መምህርትና በሠርግ ምክንያት ትምህርቷን ስለምታቋርጥ ልጅ። ከክበቡ አባላት አንዳንዶቹ «በሠርጉ ላይ አንድ የታወቀ ዘፋኝ ከደሴ አስመጥተን አንድ ዘፈን ይዝፈንልን፤ አዳራሹ ይሞላል» ብለዋል። ገንዘቡ ከየኪሳችን የተዋጣ ነው። አዳራሹ እንደሚሞላ እኛም እናምናለን። ነገር ግን ዘፋኙ ሲገባ ሰው ስልኩን አውጥቶ መቅረጽ ይጀምራል፣ ልጅቷም ትረሳለች። በአገራችን ዘፈን አውጪው የሚያምረው ተቀባዩ ሲከተለው ነው፤ ለአንድ ቀን የመጣ አውጪ ለተቀባዮቻችን ጆሮ መስጠቱን በምን እናውቃለን? ደግሞስ ሁለት ወር ሙሉ ማሲንቆ ሲለማመድ የሰነበተው ጓደኛችን ምን ሊሆን ነው? ነገ በየትምህርት ቤቱ ድራማ የምናዘጋጀው እኛው ነን። ከኋላ ወንበር ያለችው ልጅ ድርሻዋን ሁሌ ለእንግዳ እየለቀቀች ከኖረች እጇን ማውጣት ትተዋለች።

ያም ሆኖ በር ዘግተን አንከራከርም። ዘፋኙ ይምጣ የሚሉ ካሉ ታሪኩ እንዲፈልገው ይደረግ። የልጅቷ አባት ስም ያለው ዘፋኝ በሠርጉ ላይ ለማቆም ሲል በሬውን የሸጠ፣ ለደብተርና ለቤት ኪራይ ያስቀመጠላትንም ብር የጨረሰ ይሁን። ያን ጊዜ ዘፋኙ ሲገባ ሕዝቡ ያጨበጭባል፣ ጭብጨባው መሐል ላይ ግን የዘፈኑን ዋጋ ያውቃል። ዘፋኙ በዚህ ዓይነት ለመታየት ፈቃደኛ ከሆነ ክፍያው አያሳዝነንም። «እኔ ለመድመቅ ነው የምመጣው» ካለ ብሩ ለአልባሳትና ለከበሮ ይዋል። የሚቀጥለው ልምምድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው፤ የሠርጉ ክፍል ገና በእርሳስ ስለተጻፈ ለመለወጥ አያስቸግርም።